ቴፒ አልተዘጋጀም

ያን ዕለት መድረክ ላይ የወጣችው ሴት እኔ መሆኔን እስከ ዛሬ የማያምኑ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፤ አልፈርድባቸውም። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሚዛን ተፈሪ በሚገኝ፣ በቴፒ፣ በማሻና በማጂ ቅርንጫፎች ባሉት አንድ የቡና ድርጅት ውስጥ የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። በስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር የምቀመጥ፣ ስጠየቅ ብቻ የምናገር፣ ተቃውሞ ሲኖረኝ በጽሑፍ የማቀርብ፣ መልስ ሲጠፋ ደግሞ ግልባጩን በፋይል አስቀምጬ ወደ ሥራዬ የምመለስ ሰው ነበርኩ። ይህን ጠባዬን ጨዋነት ብዬ እጠራው ነበር። አለቆቼም እንዲሁ ይጠሩት ነበር፤ ለእነሱ እጅግ ይመች ነበርና።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ ድርጅታችን አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ ወይም ያለው ሲበላሽ፣ ከክፍላችን አንድ ባለሙያ ፍላሽ በኪሱ ይዞ ይሄድ ነበር። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ስርዓተ ክወና፣ ቀጥሎ የጽሕፈቱን ፕሮግራም፣ ቀጥሎ የሒሳቡን፣ ቀጥሎ የአማርኛ ፊደሉን፣ በመጨረሻ ፕሪንተሩን አንድ በአንድ ይጭናል። ማጂ የሄደ ባለሙያ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቀው መንገዱ ብቻ ነበር። እኔ ብዙ ደክሜ ያዘጋጀሁት አሠራር ይህን ሁሉ የሚያስቀር ነው። በየቅርንጫፉ አንዲት ትንሽ ሰርቨር ትቀመጣለች። ከሚዛን ትእዛዝ ሲተላለፍ በቅርንጫፉ ያሉት ኮምፒውተሮች ከእሷ ስርዓተ ክወናውን ይቀበላሉ፤ እሱን ተከትለው የተመረጡት ፕሮግራሞች የሰው እጅ ሳይነካቸው በየተራቸው ይጫናሉ። አንድ ነገር ግን አለ፤ አሠራሩ ሥራውን የሚጀምረው በኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ጠርጎ በማጥፋት ነው። አስቀድሞ ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ ያልገለበጠ ሰው ዳግመኛ አያገኘውም።

ስለዚህ በአንድ ኮምፒውተር እንድንጀምር፣ ከዚያ ወደ አንድ ክፍል፣ ከዚያ ወደ አንድ ቅርንጫፍ እንድንሄድ የሚል ዕቅድ ለዋና ሥራ አስኪያጃችን አቀረብኩ። ሥራ አስኪያጃችን በዚያን ጊዜ የሦስተኛ ዲግሪ ጥናታቸውን እየጻፉ ነበር። ጥናቱ ገና ባያልቅም "ዶክተር" እያልን እንድንጠራቸው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ብሥራት በቃል አሳስቦን ስለነበር፣ ሁላችንም ከዩኒቨርሲቲው ቀድመን ማዕረጉን ሰጥተናቸው ነበር።

"ይኼ ሁሉ በአንድ ቁልፍ ነው የሚሠራው?" አሉኝ፣ የዕቅዱን የመጀመሪያ ገጽ ይዘው።

"አዎ ዶክተር፤ ነገር ግን..."

"በአንድ ቁልፍ አራት ቦታ! ብሥራት፣ ሰማህ? ይኼ መመረቅ አለበት።"

"የሚታይ ነገር እኮ የለውም" አልኩ። "ሲሠራ የሚታየው ስክሪን ላይ ቀስ እያለ የሚሄድ መስመር ብቻ ነው።"

"መስመሩን በፕሮጀክተር እናሳያለን" አለ ብሥራት። "ሪባንም ይኖራል።"

"ሪባኑ የት ይታሰራል?"

"ላፕቶፑ ላይ።"

ሥራ አስኪያጁ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። በአንድ ኮምፒውተር መጀመር የሚለው ሐሳቤ በዚያው ቀረ፤ ለአንድ ኮምፒውተር የክብር እንግዳ አይጠራማ።

ከዚያ ኮሚቴ ተቋቋመ። የትኞቹ ፕሮግራሞች በየትኛው ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ የሚለውን እንዲወስን ነበር የተቋቋመው፤ የወሰነው ግን ማንም ክፍል እንዳይከፋው የሁሉም ክፍል ፕሮግራም በሁሉም ኮምፒውተር ላይ እንዲጫን ነው። በዚህም መሠረት የመጋዘን ሠራተኛው የደመወዝ ማዘጋጃ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ የመኪና ስምሪት መቆጣጠሪያ ደረሳቸው። ያለ አንዳች ውይይት የጸደቀው አንድ ብቻ ነበር፦ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር በራሱ የሚጀምር፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ በቡና ጫካ መካከል ቆመው "እንኳን ደስ አላችሁ" የሚሉበት ፊልም። ከፕሮግራሞቹ ሁሉ ትልቁም እሱ ነበር።

ቅርንጫፎቹ ፋይሎቻቸውን መገልበጣቸውን እኔ በአካል ሄጄ እንዳረጋግጥ ጠየቅሁ። "ሪፖርት አለ አይደል?" ተባልኩ። ሪፖርቱ መጣ። ቴፒ መቶ በመቶ ገልብጧል። ማጂ መቶ በመቶ ገልብጧል። ማሻ መቶ አራት በመቶ ገልብጧል። አንድ ቢሮ ከሌለው ፋይል አራት በመቶ እንዴት ሊገለብጥ እንደሚችል በጽሑፍ ጠየቅሁ። "ከዕቅድ በላይ መፈጸም የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስጠይቅ አይደለም" የሚል መልስ ደረሰኝ። ግልባጩን በፋይል አስቀመጥሁ።

የምረቃው ጠዋት የድርጅቱ አዳራሽ አፍ እስከ ገደፉ ሞላ። እንዲሞላ ተብሎ የሦስቱም ቅርንጫፎች ሠራተኞች ቢሯቸውን ዘግተው በአውቶቡስ መጥተዋል። ላፕቶፔ መድረክ ላይ፣ ቀይ ሪባን እንደ ሰርግ ስጦታ ታስሮበት ተቀምጧል። በትልቁ ሸራ ላይ የቅርንጫፎቹና የዋናው መሥሪያ ቤት ክፍሎች ስም ይታያል፤ በእያንዳንዱ ስም ፊት የ"ይጫንበት" ምልክት አለ፤ ከሁሉም በታች "ጀምር" የሚል ቁልፍ አለ።

ሽብሩ ከአጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ሽብሩ የቴፒ ቅርንጫፍ የማሳ ካርታ ባለሙያ ነው። የውጭ ገዢዎች ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ የሚያሳይ የቦታ ነጥብ ካልቀረበላቸው አንገዛም ማለት ከጀመሩ ወዲህ፣ ሽብሩና ጓደኞቹ በጭቃና በዝናብ፣ በሸኮና በየኪ ወረዳዎች ጫካ ለጫካ እየዞሩ የየገበሬውን ማሳ መዝግበዋል። ነጥብ የሌለው ገበሬ ቡናው የቱንም ያህል ቢያምር በዚያ ዓመት ወደ ውጭ አይላክለትም፤ ደጁ የመጣ ነጋዴ በሰጠው ዋጋ ይሸጣል።

"እትዬ ምሥራቅ፣ ዛሬ አንቺን ነው እንዴ የሚድሩሽ?" አለኝ።

"ላፕቶፔን ነው።"

ሪባኑን አይቶ ሳቀ። እኔም ነገር ለመቀየር ያህል፣ "ነጥቦቹን በደንብ ገለበጥሃቸው?" አልኩት።

"የት ላይ?"

"በላክሁልህ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ነዋ።"

"እሱንማ የቀረጻ ቡድኑ ወሰደው እኮ። የዶክተርን ፊልም ጫካ ውስጥ ሲያነሱ ካሜራው ሞላባቸውና፣ ነገ እንመልሳለን ብለው ወሰዱት። ነገ ገና አልደረሰም መሰለኝ።"

"የመመዝገቢያ መሣሪያዎቹ ላይስ?"

"ጸድተው ማጂ ተላኩ። እዚያም ምዝገባ ተጀምሯል።"

"ስለዚህ ነጥቦቹ ያሉት..."

"እኔ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ምነው? ፊትሽ ተለዋወጠ።"

"ሽብሩ፣ ኮምፒውተርህ አሁን በርቷል?"

"ሳታጠፉ ኑ የሚል መመሪያ ደርሶን ነዋ። የጻፍሽው ራስሽ ነሽ።"

እውነት ነው፤ እኔ ነኝ የጻፍሁት። "ቢሮ ውስጥ ሰው አለ? ሶኬቱን የሚነቅል?"

"ሁላችንም ለጭብጨባ እዚህ ነን። ጥበቃው ውጭ ነው፤ ቆጣሪው ደግሞ ውስጥ ነው። የበሩ ቁልፍ ያውልሽ" ብሎ ከፊት ረድፍ የተቀመጡትን የቴፒ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ አቶ ወንድይፍራውን በአገጩ አመለከተኝ። "ኪሳቸው ውስጥ።" ከዚያ የጠየቅሁትን ሁሉ አንድ ላይ አሰበውና ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። "እትዬ... ሊጠፋ ነው እንዴ?"

ተነሣሁ። ብሥራት መድረኩ ጥግ ላይ ማይክ ይዞ ቆሟል። በሹክሹክታ ቴፒ እንዲቆይ ነገርሁት።

"የዛሬው ፕሮግራም በደቂቃ የተከፋፈለ ነው፤ የመቆየት ቦታ የለውም" አለኝ። "ደግሞ ሪባኑን ሳይቆረጥ ማንም አይነካውም።"

ወደ ፊት ረድፍ ሄጄ ከዋና ሥራ አስኪያጁ ወንበር ጎን ጎንበስ አልሁ። ካሜራው ወደ እሳቸው ዞሮ ስለነበር ፈገግታቸውን ሳያጠፉ፣ ከንፈራቸውን ብዙም ሳያንቀሳቅሱ አነጋገሩኝ።

"ምንድን ነው?"

"ዶክተር፣ የቴፒ ፋይል አልተገለበጠም። የገበሬዎቹ ነጥብ በሙሉ ይጠፋል።"

"ቴፒ መቶ በመቶ ብሏል። አቶ ወንድይፍራው!"

አቶ ወንድይፍራው አንገታቸውን አስግገው መጡ። ከኋላ ረድፍ ቆሞ የሚያየንን ሽብሩን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ሥራ አስኪያጁን አዩ። "በሪፖርታችን እንደተገለጸው ነው" አሉ።

"ሰሙ፣ ወይዘሮ ምሥራቅ? ይቀመጡ። ቀሪው ከእንግዶች በኋላ ይታያል።"

ከእንግዶች በኋላ የሚታይ ነገር እንደማይኖር ልነግራቸው አፌን ስከፍት የክብር እንግዳው ንግግር ጀመሩ። ወደ ቦታዬ ተመለስሁ። አንባቢ ሆይ፣ ሚዛን የኖረ ሰው የምለውን ያውቃል፤ እዚህ መብራት ለመጥፋት ምክንያት አይፈልግም፤ በሰርግም፣ በቀብርም፣ በፈተና ሰዓትም ይጠፋል። ያን ጠዋት እንዲጠፋ በልቤ ለመንሁ። አልጠፋም። ይባስ ብሎ ከአዳራሹ ጀርባ ጄኔሬተር ተዘጋጅቶ ነበር፤ ድርጅታችን በሕይወቱ ስለ መጠባበቂያ ያሰበው ያን ዕለት ብቻ ነው።

የክብር እንግዳው ስለ ዘመናዊነት ተናገሩ። ስለ አርሶ አደሩ ተጠቃሚነትም ተናገሩ። ሽብሩ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ፣ "አንድ ዓመት ሙሉ እኮ ነው" ይላል ለራሱ። "ምን ብዬ ነው ተመልሼ ደጃቸው የምቆመው? ነጥባችሁን ለፊልም ሰጠነው ልበላቸው?"

እንግዳው ጨረሱ። መቀስ በሰፌድ ቀረበላቸው። ሪባኑ ተቆረጠ። ጭብጨባው ገና ሳያባራ ብሥራት በማይክ፣ "አሁን በአንድ ቁልፍ..." አለ፤ የእንግዳውም እጅ ወደ ማውዙ ሄደ።

እንዴት መድረኩ ላይ እንደወጣሁ አላስታውስም። የማስታውሰው "ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ" ብዬ ማውዙን ከእጃቸው ሥር መውሰዴን ነው። በትልቁ ሸራ ላይ ቀስቷ እየተንቀጠቀጠች ወደ ላይ ወጣች፤ "ቴፒ" ከሚለው ስም ፊት ያለውን ምልክት አነሣሁ። አዳራሹ በሙሉ አየ። ጭብጨባው ቆመ።

"ወይዘሮ ምሥራቅ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ ከብሥራት እጅ ማይክ ነጥቀው።

"ቴፒ አልተዘጋጀም" አልሁ። ድምፄ አዳራሹን ሲሞላ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

"ቴፒ መቶ በመቶ..."

"ዶክተር፣ አልተዘጋጀም። የተላከለት ኤክስተርናል የእርስዎን ፊልም ይዟል።"

ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ሳል አስመሰለው። ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። የማሻው ሥራ አስኪያጅ ኮታቸውን እየቆለፉ ተነሡ።

"ማሻ ከዕቅድ በላይ መፈጸሙ የሚታወቅ ነው" አሉ። "ሆኖም ጥቂት ያልተጠናቀቁ ሥራዎች ስላሉ፣ የእኛም ለጊዜው ቢቆይ..."

"ምን ያህል ጥቂት?" አሏቸው ዋና ሥራ አስኪያጁ።

የማሻው ሰው ኮታቸውን ፈቱ፤ እንደገና ቆለፉ። "ሁሉም" አሉ።

የማሻን ምልክት አነሣሁ። ማጂ እጁን አወጣ፤ ኤክስተርናሉ ገና መንገድ ላይ ነው። አነሣሁ። የፋይናንስ ኃላፊው ከተቀመጡበት፣ "የእኛንም፣ ወይዘሮ ምሥራቅ፣ ባይከብድዎት" አሉ። ግዢ ተከተለ፤ የሰው ኃይል ተከተለ። ሰው ሁሉ ለካስ አንድ ሰው እስኪጀምርለት ነበር የሚጠብቀው። የክብር እንግዳው መቀሱን እንደያዙ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሸራውን ያያሉ። በመጨረሻ በሸራው ላይ አንድ ምልክት ብቻ ቀረ፦ የዋና ሥራ አስኪያጅ ቢሮ።

ከግድግዳው ሥር የቆመችው ጸሐፊያቸው ፀዳለ ለሥራ አስኪያጁ ራሷን በአሉታ በኃይል ትነቀንቃለች። ዓይናቸው አላያትም፤ ወይም ማየት አልፈለገም።

"ዶክተር፣ የእርስዎስ?" አልሁ።

"የእኔ ቢሮ ዝግጁ ነው።"

"ፋይሎችዎ መገልበጣቸውን አረጋግጠዋል?"

"ወይዘሮ ምሥራቅ" አሉ፣ ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ "እኔ ሪፖርት የምቀበል ሰው ነኝ፤ ሪፖርት የምጠየቅ አይደለሁም። ክቡርነትዎ፣ ይቀጥሉ።"

ጭብጨባ ሆነ። ማውዙን ለእንግዳው መለስሁላቸው። እሳቸውም ተጫኑ። በሸራው ላይ መስመሩ መሄድ ጀመረ፤ ብቻውን፣ ቀስ እያለ፣ እንግዶች በቆሙበት። አሠራሩ አንዲት ስሕተት ሳያሳይ፣ ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ ጭኖ ጨረሰ። በሙያዬ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያን ዕለት ንጹሕ ሆኖ የተጫነ አይቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው ጠሩኝ። ፀዳለ በር ላይ ስታገኘኝ ዓይኗ ቀልቷል።

"ጥናቱ?" አልኋት።

"ሙሉው ነው የጠፋው። ሐሳቤን ይሰርቁኛል ብለው ፍላሽ ላይ እንዳላስቀምጥ ከልክለውኝ ነበር።"

"አዝናለሁ። እሳቸውም በጣም አዝነው ይሆናል።"

"ምን ያሳዝናቸዋል?" አለች። "እንደገና የምተይበው እኔ አይደለሁ?"

ገባሁ። በጠረጴዛቸው ላይ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ያበራል፤ በስክሪኑ ላይ እሳቸው ራሳቸው ቡና ጫካ ውስጥ ቆመው "እንኳን ደስ አላችሁ" ይላሉ። ድምፁን እንዴት እንደሚያጠፉት አላወቁም። ጎንበስ ብዬ አጠፋሁላቸው። እንዳይቆጡ፣ ዝግጁ ነኝ ያሉት በሕዝብ ፊት ነው፤ እንዳይጠይቁኝ፣ ሪፖርት የማይጠየቁ ሰው ናቸው።

"የሚመለስበት መንገድ አለ?" አሉኝ በመጨረሻ፣ በቀስታ።

"የለም፣ አቶ ደምሰው" አልኋቸው። ዶክተር አላልኋቸውም፤ እሳቸውም አላረሙኝም።

በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። "ለላቀ ኃላፊነት" ወደ ቴፒ ቅርንጫፍ ተዛውሬያለሁ። ሽብሩ ደብዳቤውን አንብቦ፣ "እትዬ፣ ቅጣት ነው ሹመት?" አለኝ።

"ደብዳቤው ሹመት ነው ይላል፤ ደመወዙ ዝም ይላል።"

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ ተቃውሟችሁን በፋይል የምታስቀምጡ፣ ጀግና ሆንሁ ልላችሁ አይደለም የጻፍሁት። ኃላፊነቴን አጥቻለሁ፤ ቤቴን አፍርሼ ወደ ቴፒ ሙቀት ወርጃለሁ፤ ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ሰዎች ዛሬም ከፊት ረድፍ ናቸው። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ዝም ስል የማከብረው ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። ዝምታዬ ያከበረው ግን ሪፖርቱን ብቻ ነበር፤ ገበሬዎቹ በሪፖርቱ ውስጥ አልነበሩም። አሁን በስብሰባ ላይ እጄን አወጣለሁ። ድምፄ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ቢሆንም ሰዎቹ ይሰሙታል። ካልሰሙም ደግሜ እላለሁ። ይህ ሰዎችን ምን ያህል እንደሚያስቆጣ ብታውቁ ትገረማላችሁ፤ እኔም በየጊዜው እገረማለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ጥቂት ደስ ይለኛል።

በቴፒ ሥራውን መጀመሪያ ባልሁት መንገድ ጀመርሁ። የሽብሩን ነጥቦች በሁለት ቦታ ገለበጥን፤ ከፍተን አየን፤ ከዚያ አንዱን ኮምፒውተር ጫንን፤ ሲሠራ አየን፤ ወደ ሁለተኛው ሄድን። ሪባን አልነበረም። ነጥቦቹ ለገዢዎቹ ተላኩ፤ የገበሬዎቹም ቡና ተጫነ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት የሸኮ ገበሬ ነጠላቸውን አጣፍተው ቢሯችን መጡ። በአካባቢያቸው ስለ ነጥብ ብዙ ተወርቷል፤ የእሳቸው መኖሩን በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም። እኔም ሳላይ የማላምን ሰው ስለሆንሁ ወደድኋቸው። ወንበር ሰጥቼ ካርታውን ከፈትሁና ማሳቸውን አሳየኋቸው።

አጎንብሰው አዩ። "ይቺ ናት?"

"እሷ ናት፣ እናቴ።"

"ቡናዬን የገዙት ይቺን አይተው ነው?"

"አዎ።"

ቀና ብለው ሽብሩን፣ ከዚያ እኔን በወቀሳ አዩን። "ትንሽ ናት" አሉ። "ማሳዬ እንዲህ አይደለም። አሳንሳችሁታል።"

ማውዙን ይዤ ካርታውን አቀረብሁት። ደግሜ አቀረብሁት፤ ደግሜ፤ ወንዙ ከስክሪኑ ወጣ፣ መንገዱ ወጣ፣ የጎረቤታቸው ማሳ ወጣ፤ የእሳቸው ብቻ ከዳር እስከ ዳር ሞላው።

"አሁን ልክ ነው" አሉ። "እንዲህ አድርገሽ ተይው።"